ሊቁ ከደቂቁ ሲማር፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችና ስለ ዲጂታል ክህሎት የተደረገ ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ የሚወጡት ሦስት አውራ ጎዳናዎች፣ ይኸውም በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ፣ በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም፣ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚወስዱት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ከተማይቱ ከሚያስገቡት ሕዝብ መካከል፣ በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ የሚያስተምረው፣ የተማሪ መዝገብ የሚይዘው፣ ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቀውና ሒሳብ የሚያወራርደው ሠራተኛ ቍጥሩ ጥቂት አይደለም። የመሐል ከተማው የቤት ኪራይ እየገፋ ወደ ዳር ያወጣው ይህ ሰው፣ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ወይም የመሥሪያ ቤቱን ሰርቪስ ለመያዝ በጨለማ ተነሥቶ በአስኮ፣ በአዲሱ ገበያ ወይም በአየር ጤና በኩል ያልፋል፤ ማታም በዚያው መንገድ ተመልሶ ከቤቱ ሲገባ መብራት ጠፍቶ ቢያገኘው አይደነቅም። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህም ቢሆን የዚህ ሰው ጧትና ማታ አልተለወጠም። ስለ ዲጂታል ክህሎት በየጉባኤው የሚነበበው መግለጫ፣ በየስትራቴጂው የሚጻፈው ተምኔት፣ በየዓመቱም የሚገዛው መሣሪያ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በእርሱ ጫንቃ ላይ ነውና የዚህ ዳሰሳ መነሻ እርሱ ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ሰው ከጥበብ ርቆ የሚኖር አይደለም። የሱሉልታው መምህር በየቀኑ በሚያቋርጠው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኢትአርኤስኤስ-1ን፣ የተከታተለ ጣቢያ ቆሟል። የሰበታው መምህር በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ከሚነሣበት ከተማ ያድራል። የቡራዩውም ቢሆን ገንዘቡን በቴሌብር ያንቀሳቅሳል፤ የዘመዱን ሠርግ በቴሌግራም ይሰማል። ይኸው ሰው ግን በሴሚስተሩ መጨረሻ የተማሪዎቹን ውጤት በወረቀት ሞልቶ ለሬጅስትራር ሲያስረክብ፣ የሬጅስትራሩም ሠራተኛ ያንኑ ወረቀት ቍጥር በቍጥር እንደገና ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጥ ማየት በየትኛውም ተቋም ብርቅ አይደለም። መሣሪያው ካልራቀ የራቀው ምንድር ነው? ይህን ለመመለስ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ማስታወስ ያሻል።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት የመምህሩ መሣሪያ መጽሐፉ፣ ጠመኔውና አንደበቱ ነበሩ፤ የጽሕፈት መኪና የጸሐፊ ድርሻ ነበር። የግዕዝን ፊደል ከነሰባት ቤቱ በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ብልሃተኞች የደከሙበት ድካም ፍሬ ቢሰጥም፣ በመኪናው ላይ የሚቀመጠው ሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚያው በጥንቱ ሥርዓት ተመልሶ ቀረ፤ ሊቁ በብዕሩ ይጽፋል፣ ጸሐፊው በመኪና ይገለብጣል። ኮምፒዩተርም ወደ ትምህርት ክፍሎች ሲመጣ በብዙ ስፍራ መጀመሪያ የተቀመጠው በዚያው በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንደ እኔ ግምት ከዚያ ወዲህ የደረሰብን ብዙ መሰናክል የተወለደው በዚህች ጥቂት በምትመስል ምደባ ነው፤ መሣሪያው የአእምሮ ሥራ አጋዥ ሳይሆን የግልበጣ ዕቃ ተደርጎ ታየ፤ በእርሱ ላይ መቀመጥም ከመምህርነት ማዕረግ ወረድ ያለ ነገር መሰለ። ጸሐፊዎቹ ግን ማንም ሳይነግርላቸው በየዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዎቹ የዲጂታል ባለሙያዎች ሆኑ። ዛሬም ቢሆን የመመረቂያ ጽሑፉን ገጽና ማውጫ ለማስተካከል የተቸገረ ተመራማሪ የሚሮጠው ወደ እነርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ድርጅት የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ለአዲስ አበባ ተመራማሪዎች አስተዋወቀ፤ ሙሉው ኢንተርኔት በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ገባ፤ የግዕዝ ፊደልም በ1992 ዓ.ም. መባቻ ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ስፍራውን ያዘ። የመጨረሻው ነገር የአገሪቱን ጽሑፍ ከመበታተን ሊያድነው በተገባ ነበር፤ ምክንያቱም ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝንና የመሳሰሉትን የቀድሞ ፕሮግራሞች የሠሯቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በራሳቸው ቍጥር ስለ ቈጠሩት፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጕም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ሆኖም ዩኒኮድ መጣ ተብሎ የጸሐፊዎች ጣት ልማዱን አልተወም፤ ልማዱን ትተው አዲሱን የፊደል አጻጻፍ እንዲለምዱም ለእነርሱ የተሰጠ ጊዜና መምህር አልነበረም። ይህ ስሕተት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ወደ ሰበታ ስንደርስ እናየዋለን።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመመለሳችን አስቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተደረገ አንድ ትልቅ ሙከራ መጥቀስ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ፕላዝማ» ያለው የሳተላይት ትምህርት፣ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚተላለፍ ነበር፤ መምህሩም ለመግቢያ ጥቂት ደቂቃ፣ ለመዝጊያም ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በመካከል ያለውን ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ እንዲያዳምጥ ሆነ። ዕቃው ውድ ነበር፤ ሐሳቡም ቅን ነበር፤ መምህር በጠፋበት ገጠር ለተማረ ልጅ የሰጠው ጥቅም የለም ማለትም ርትዕ አይሆንም። ግን መምህሩን ከወንበሩ አንሥቶ የመሣሪያ ከፋችና ዘጊ ያደረገ አሠራር መምህሩ ሊወደው እንደማይችል ለማወቅ ነቢይ መሆን አላስፈለገም። ነገሩን እዚህ ያነሣሁት ለወቀሳ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ስለሆነ ነው። ይህ ትውልድ ቴክኖሎጂ በትምህርት ውስጥ ምን እንደሚመስል የተማረው ከፕላዝማው ነው፤ ከእርሱም የያዘው ትምህርት መሣሪያው ከመጣ መምህሩ ዝም ይላል የሚል ነው። አዲሱን የኦንላይን ትምህርት ሲያቀርቡለት ትከሻውን የሚሰብቀውን ወጣት መምህር ሰነፍ ከማለት በፊት ይህን ማሰብ ደግ ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው ጉዳይ እንግባ። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ዲጂታል ክህሎት ይጎድለዋል ሲባል በአገራችን የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ይኸውም ቢሾፍቱ ወይም አዳማ በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ለጥቂት ቀን የሚቆይ ዓውደ ጥናት ማካሄድ ነው። ተሳታፊው አበሉን ይቀበላል፤ አሠልጣኙ በፕሮጀክተር የሚያሳየውን ይመለከታል፤ በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቡድኑም ፎቶግራፍ ይነሣል። ሥልጠናውን የወሰደውም ተመልሶ ባልደረቦቹን እንዲያሠለጥን «የአሠልጣኞች ሥልጠና» የሚል ማዕረግ ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ ሰውየው ሰኞ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የሚጠብቀው ያው የማስተማር ጫና፣ ያው የፈተና እርማት ክምር ነው፤ የተማረውን የሚሞክርበት ሰዓት የለውም፤ ሲሞክርና ሲሳሳትም የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ የለም። ባልደረቦቹን እንዲያሠለጥን የተጣለበትንም ኃላፊነት የሚጠይቀው ስለሌለ ቀስ በቀስ ይረሳዋል። በየዩኒቨርሲቲው ሙድል በተባለው የትምህርት ማደራጃ ላይ ተከፍተው የኮርሱን ስም ብቻ ይዘው የቀሩ ገጾች የዚህ አሠራር ምስክሮች ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ በአበሉ ላይ ያላክካሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ደመወዙ ከኪራዩ ጋር የማይመጣጠን የሰበታ ነዋሪ አበል ፈልጎ ወደ ዓውደ ጥናት ቢሄድ የሚነቀፍበት ነገር አይታየኝም። ሕፀፁ ያለው አንድን የእጅና የልቡና ልማድ በሦስት ቀን ስብከት መትከል ይቻላል ብሎ በሚያምነው ዕቅድ ላይ ነው።

የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ይህን ሁሉ አጋለጠው። በመጋቢት ወር ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በኦንላይን እንዲቀጥሉ ተወሰነ፤ የቅድመ ምረቃዎቹ ግን በአብዛኛው ወደየቤታቸው ሄደው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። መምህሩም በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ቤቱ ተቀምጦ፣ በስልኩ ካርድ በሚገዛው ዳታ፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እየቀረጸ ማስተማር ያዘ። ማንም ያላሠለጠነው ሰው ማንም ያልመረጠለትን መንገድ በራሱ አገኘ። ለእኔ ከዚያ ዘመን ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ይህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የገዛው ትልቁ ሥርዓት ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ መምህሩ አስቀድሞ ከዘመድ ወዳጅ ጋር የሚጫወትበት ቀላል መሣሪያ የትምህርት አዳራሽ ሆነ። ያም ቢሆን ብዙ አልቆየም፤ በሰኔ መጨረሻ በአገሪቱ በተነሣው ሁከት ምክንያት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ የተጀመረው ሁሉ ቆመ። ክህሎት ልማድን፣ ልማድም አለመቋረጥን ይፈልጋል፤ ስለዚህ መስመሩ በየጊዜው የሚጠፋበት ሰው ያንን መሣሪያ ለትርፍ እንጂ ለዋና ሥራ አያምነውም፤ ወረቀቱንም ከጎኑ አያርቅም። ይህን ጥንቃቄ ኋላ ቀርነት ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በዚያው በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ማጽደቁ የታሪክ ምፀት ሊባል ይችላል። ከዚያ ወዲህ የታየው ለውጥ ግን ከሥልጠና ይልቅ ከግዴታ የመጣ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ሲቀር፣ በቡራዩና በአስኮ መስመር የሚመላለሰው የታክሲ ሾፌር ያለ አንዳች ዓውደ ጥናት በቴሌብር መክፈልን በጥቂት ቀን ለመደ፤ ያልገባውን ረዳቱ አሳየው፣ ረዳቱን ደግሞ የማደያው ሠራተኛ። በዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ ሆነ። የግዥ ሠራተኞች የመንግሥት ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሲዛወር፣ የሒሳብ ሠራተኞችም ኢፍሚስ የተባለው የተቀናጀ የፋይናንስ ሥርዓት ሲመጣ፣ ሌላ በር ስላልነበራቸው በተከፈተው ገቡ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ለሁሉም የቅድመ ምረቃ ተመራቂዎች በኮምፒዩተር የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ደግሞ፣ አዳራሽ አዘጋጁን፣ የኔትወርክ ባለሙያውን፣ ፈታኙንና ሬጅስትራሩን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሥርዓት ላይ አስቀመጣቸው፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩን ማን ያስነሣል፣ የተማሪው ስም ቢጠፋ ማን ያርመዋል የሚለው ጥያቄ ሁሉ በተግባር ተመለሰ።

እንግዲህ ግዴታ መልካም መምህር ነው ብለን እንዝጋውን? አይመስለኝም። ግዴታ የሚያስተምረው የትኛውን ቍልፍ መጫን እንደሚገባ ነው፤ ቍልፉ ለምን እንደ ተፈጠረ፣ በእርሱም ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚቻል አያስተምርም። የግዥ ሠራተኛው በሥርዓቱ ውስጥ የተከማቸውን መረጃ አውጥቶ ዋጋ እንዴት እንደ ናረ ሊያጠናበት ይችል ነበር፤ ግን ማንም አላሳየውም። መምህሩም ተማሪዎቹ በመውጫ ፈተናው የትኛውን ርእስ እንደ ሳቱ ከውጤቱ አንብቦ ትምህርቱን ሊያስተካክል ይችል ነበር፤ እርሱ ዘንድ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ያለፈና የወደቀ ስም ዝርዝር ነው። በግድ የተለመደ መሣሪያ ግዴታው ባለበት ልክ ይቆማል።

እዚህ ላይ ከገዛ ጉባኤ ቤታችን የምንማረው ነገር አለ። በንባብ ቤት ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቈጥረው ያስቈጥራል፤ በቅኔ ቤት አስነጋሪው የጀማሪውን ቅኔ ሰምቶ ያርምለታል፣ የመምህሩ ፊት የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ወንበር የዘረጋው ሊቅ አንድ ሲሆን ደቀ መዛሙርቱ ብዙ ናቸውና፣ ትምህርቱ ከአንደበቱ ብቻ ቢወርድ ኖሮ ከመጀመሪያው ረድፍ ባላለፈ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ ከእርሱ አንዲት እርምጃ ቀድሞ የሄደ ጓደኛ ስላለው ምሥጢሩ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ሊቅ ኤቨረት ሮጀርስ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የሰበሰበው ማስረጃም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በ1943 እ.ኤ.አ. የአዮዋ ገበሬዎች አዲሱን የበቆሎ ዘር እንዴት እንደ ተቀበሉ የመረመሩ ሁለት አጥኚዎች፣ ገበሬው ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰማው ከሻጩ ቢሆንም ለመዝራት የቈረጠው ግን የጎረቤቱን ማሳ አይቶ መሆኑን አሳይተዋል። የእኛ ዓውደ ጥናት የሻጩን ሥራ ይሠራል፤ የጎረቤቱ ስፍራ ባዶ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ጎረቤት ማግኘት የማይከብድ ይመስላል፤ ወጣት ረዳት ምሩቃን፣ የአይሲቲ ባለሙያዎችና ከሁሉ በላይ ተማሪዎቹ በየክፍሉ ሞልተዋልና። የሚከብደው በማዕረግ መካከል ያለው ገደል ነው። በአንቱታ የሚጠራ፣ ብዙ ትውልድ ያስተማረ ተባባሪ ፕሮፌሰር ትናንት ተማሪው የነበረውን ልጅ «ይህን እንዴት ልክፈተው?» ብሎ ለመጠየቅ ይከብደዋል፤ ልጁም «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ለማለት አፉን ይይዘዋል። ስለዚህ ልጁ መዳፊቱን ከሊቁ እጅ ተቀብሎ ሥራውን ራሱ ጨርሶለት ይሄዳል፤ ሊቁ ያመሰግነዋል፣ ሳይማር ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ጥሪ ይደገማል። ይህ ሥዕል በፈረንጆች የሥልጠና መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሦስተኛ ጊዜ ያወጣው የመምህራን የአይሲቲ ብቃት ማዕቀፍም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት ያዘጋጀው ተመሳሳይ ሰነድ መምህሩ ምን ማወቅ እንደሚገባው በየደረጃው በሚገባ ይዘረዝራሉ፤ አንድ ሽማግሌ ሳያፍር ከአንድ ወጣት ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ ግን የእነርሱ ጥያቄ አልነበረም። መፍትሔው ልጁን አለቃ ማድረግ አይደለም። ሽማግሌው የትምህርቱን ይዘትና የአማካሪነቱን ጥበብ፣ ወጣቱ ደግሞ የመሣሪያውን ብልሃት ይዘው አንድ ኮርስ በኅብረት እንዲያዘጋጁ ሥራ መስጠት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ሰጪም ተቀባይም ስለሚሆኑ ክብር የሚጎዳ ነገር አይኖርም።

ከተሞከሩት መንገዶች መካከል ለዚህ ሐሳብ የቀረቡትን ሦስቱን ላንሣ። የመጀመሪያው በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ነው፤ ዓላማው የማስተማር ዘዴ እንጂ ዲጂታል ክህሎት ባይሆንም፣ መምህራን በየራሳቸው ተቋም ዓመት ሙሉ እየተገናኙ የራሳቸውን ክፍል እንዲመረምሩ ያደርግ ነበር። ብዙዎች እንደ ቅጽ ሞሊ ሥራ አማርረውታል፤ ቅርጹ ግን ከሆቴሉ ዓውደ ጥናት እጅግ የተሻለ ነበርና ለዲጂታሉ ጉዳይ እንደገና ቢነሣ መልካም ነበር። ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ በአቃቂ የከፈተው ማዕከል ነው፤ ዶክትሬታቸውን በዚያ የሠሩ ኢትዮጵያውያን መምህራን ምዕራፋቸውን በኦንላይን ማስገባት፣ ከሩቅ ቤተ መጻሕፍት ማውጣት፣ ከማያዩት አማካሪ ጋር መጻጻፍ ግድ ሆኖባቸው ስለ ነበር፣ ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ ያለ ፍርሃት በመሣሪያው የሚሠሩት ከእነርሱ ወገን ሲሆኑ ማየት የተለመደ ነው። ተማሪ ሆኖ የቀመሰው ሰው መምህር ሆኖ ማቅረብ ይችላል። ሦስተኛው ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የጀመረው ኢ-ሺ የተባለ የኦንላይን ትምህርት መርሐ ግብር ነው፤ መምህራኑን ስለ ኦንላይን ማስተማር የሚያሠለጥናቸው በዚያው በኦንላይን መሆኑ ከቀድሞዎቹ ይለየዋል። «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ ለብዙ ሰው በር ቢከፍትም፣ ስኬቱ በተሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት ስለሚለካ እዚህ ካለው ጥያቄ ጋር ብዙ አይገናኝም።

ሰበታን ለይቶ ማንሣት የሚያስፈልገው አሁን ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በብሬል አስተምሮ ያሳደጋቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግን፣ ታሪክን፣ ቋንቋን ሲያጠኑ ኖረዋል፤ በዚያው ከተማም የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አለ። ለዓይነ ስውር ተማሪ ወይም መምህር ኮምፒዩተር ትርፍ ነገር አይደለም። ጆውስ የተባለው በገንዘብ የሚሸጠው፣ ኤንቪዲኤ የተባለውም በነጻ የሚገኘው የንባብ ፕሮግራም በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮኾ ያነብለታል፤ ኢስፒክ የተሰኘው የድምፅ መሣሪያም፣ ለዛው ደረቅ ቢሆን፣ አማርኛን ጨምሮ ያነባል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ማንበብ የሚችለው በዩኒኮድ የተጻፈን ነው። በፓወር ግዕዝ በቀድሞው ዘዴ የተጻፈ የትምህርት ማስታወሻ ሲቀርብለት ትርጕም የለሽ ድምፅ ያንበለብላል፤ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በስካነር እንደ ሥዕል የተቃኘ ገጽ ሲሰጠውም ፈጽሞ ዝም ይላል። እንግዲህ ከላይ የተባለው የጸሐፊዎች ልማድ፣ ማንም ጊዜ ወስዶ ያላስተካከለው፣ እዚህ ላይ የአንድን ተማሪ መጽሐፍ ዘግቶበት ይገኛል። አንዲት ጸሐፊ ማስታወሻውን በዩኒኮድ መተየብን፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ገጹን ሲቃኝ ወደሚነበብ ጽሑፍ መለወጥን ቢማሩ፣ ይህ በእንጦጦ ካለው ጣቢያ ያነሰ የጥበብ ሥራ ነው ብዬ አላምንም። በዲጂታል ሥልጠና ዕቅድ ውስጥ ግን አስተዳደር ሠራተኞች የሚታሰቡት ብዙ ጊዜ ከመምህራኑ በኋላ፣ በጀት ከተረፈ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥቂት ልበል፤ ነገሩ ገና ትኩስ ነውና ብዙ መተንበይ አልፈልግም። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለዓለም ከተለቀቀ ወዲህ የዩኒቨርሲቲ መምህር የመጀመሪያ ጭንቀት የተማሪው የቤት ሥራ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ሆኗል፤ አንዳንዱም በመለያ ፕሮግራም ተማምኖ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ይቀጣል። ይህን መሣሪያ በራሱ ሥራ ላይ አዘውትሮ የሞከረ መምህር የት እንደሚረዳ፣ በተለይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲጠየቅ የት እንደሚቀጥፍ ያውቃል፤ ስለዚህም ተማሪውን በፍርሃት ሳይሆን በዕውቀት ይጠይቀዋል። ያልሞከረው ግን በክልከላና በዝምታ መካከል ይዋልላል። ስለ ሥልጠናው ስንናገር የተነሣው ጉዳይ፣ ይኸውም መምህሩ የሚሞክርበት ጊዜ ከየት ይምጣ የሚለው፣ እዚህም ተመልሶ መጣ።

የሚሻለውን ለመናገር ብዙ ዕቅድ መዘርዘር አያስፈልግም። ኮርሱን በአዲስ መሣሪያ የሚያዘጋጅ መምህር በዚያ ሴሚስተር የማስተማር ጫናው በአንድ ኮርስ ይቀነስለት፤ ይህ ካልተደረገ የተቀረው ሁሉ ወግ ነው። ከሌክቸረርነት እስከ ፕሮፌሰርነት በሚያወጣው የማዕረግ ዕድገት መመዘኛ ውስጥ የታተመ ጽሑፍ እንደሚቈጠር ሁሉ፣ ተማሪዎች የተጠቀሙበትና ባልደረቦች የመረመሩት የኦንላይን ኮርስም ይቈጠር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ራስ ገዝ ለመሆን በቅቷልና፣ ሌላውን ሳይጠብቅ ይህን በገዛ ሥርዓቱ ሊጀምር ይችላል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አለ። ሠራተኛው ከሥራ በኋላ ለሥልጠና ስድስት ኪሎ ቢቆይ ሰርቪሱ ያመልጠዋል፤ ቤቱ ቢገባ ዳታውና መብራቱ አያስተማምኑትም። በየከተማው ካሉት ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ የሚውል የኮምፒዩተር ክፍል አይጠፋም፤ እዚያ አንድ የአይሲቲ ባለሙያና ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው፣ የየትኛውም ተቋም ሠራተኛ የራሱን ሥራ ይዞ እየመጣ ቢሠራ፣ መምህሩ ከጸሐፊዋ፣ ጸሐፊዋም ከዓይነ ስውሩ መምህር ጎን ቢቀመጡ፣ አስነጋሪው ያለበት ጉባኤ ያን ጊዜ ይቆማል። የሚነሣው ተቃውሞ አስቀድሞ ይታወቀኛል፤ የሌላ ተቋም ሠራተኛ በእኛ ዕቃ ለምን ይማራል? የሚሰበረውን ማን ይጠግናል? ለዘበኛው ትርፍ ሰዓት፣ ለጄኔሬተሩም ናፍጣ ማን ይከፍላል? ዕቃውን በተመለከተ ተቋማቱ በጋራ ውል ሊዋዋሉበት ይችላሉ፤ የዘበኛውና የናፍጣው ወጪ ግን ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ለአንድ የቢሾፍቱ ዓውደ ጥናት ከሚከፈለው አዳራሽና አበል የሚበልጥ አይመስለኝም።